የአያትሽን ሳንዱቅ ከመፈተግሽ በፊት

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ሳላይሽ ነው የምኖረው። አያቴ አምና አረፉ፤ ሳንዱቃቸው ለእኔ ደረሰኝ። ውስጡ ሰባት ጠገራ ብር (ሦስቱ ማንጠልጠያ የተበየደባቸው)፣ አንድ የብር አልቦ (የእግር ጌጥ)፣ የአንገት መስቀል፣ ሒርዝ (አንገት ላይ የሚታሰር የሙስሊም ክታብ)፣ ማንኪያ የምትመስል ምንነቷን ያላወቅኳት ትንሽ የብር ነገር፣ ዳሩን አይጥ የበላው ትንሽ የብራና መጽሐፍ አለ። ከሳንዱቁ ጎን ደግሞ የእጅ ሲንጀር፣ የልብስ ስፌት መኪና። በፊት ለአሮጌ ዕቃ ግድም አልነበረኝ። አሁን ማታ ማታ አውጥቼ ካላየኋቸው እንቅልፍ አይወስደኝም። አንዱን ብር በአመድና በሎሚ ፈትጌ አጸዳሁት፤ የቀሩትንስ ላጽዳ? ስንት ያወጣሉ? ወንድሜ ይሸጥ ይላል። ስለ ዕቃዎቹ ታውቅ ይሆናል የምላት ኮምቦልቻ ያለችው አክስቴ ናት፤ እሷም አርጅታለች። ባለሙያ ካለ ይርዳኝ።»

እህቴ፣ አያትሽን ነፍስ ይማርልን። ከሁሉ በፊት፦ የቀሩትን አትፈትጊ። አመድም፣ ሎሚም፣ የጥርስ ሳሙናም አይንካቸው። ስለፈተግሽው ብር አብሽሪ፣ ያለፈ አልፏል፤ እሱም ከጊዜ ጋር ቀስ እያለ ይጠቁራል። ሌላውን ባታነቢ እንኳ ይህችን ያዥልኝ። ጊዜ ካለሽ ግን አንብቢው፣ ረዘም ይላል።

አጥብቄ የምናገረው በምክንያት ነው። ያደግሁት አንጥረኛ ቤት ነው፤ አባቴ እዚሁ ደሴ ብር እያቀለጠና እየቀጠቀጠ ነው ያሳደገን። እኔ ደግሞ ከቤት ቤት እየዞርኩ የድሮ ዕቃ መመዝገብ ሥራዬ ሆነ፤ ይኸው ሃያ ዓመት አለፈኝ። አሥራ አራት ዓመት ሲሆነኝ ለበዓል እናቴን ላስደስት ብዬ የእናቷን አልቦ በአመድና በሎሚ አሸሁት። ከሰዓቱን ሙሉ ፈተግሁ። እንደ መስታወት አበራ። አባቴ ማታ ሲገባ አነሳው፣ ገልበጥ አድርጎ ውስጠኛውን ጎን ወደ መብራቱ አስጠጋ። እዚያ በመርፌ ጫፍ የተጫሩ ሦስት ፊደሎች ነበሩ፤ የአያቴ ስም። ድሮም ሳስተው ስለነበር እኔ እድፍ መስለውኝ ነበር። አልጮኸብኝም። «ፊደሉን በላኸው» አለኝና መልሶ አስቀመጠው። ያ አልቦ ዛሬም እናቴ ቤት አለ። አሁን ግን ገበያ ላይ ካለ ከማንኛውም አልቦ የሚለየው አንድ ምልክት እንኳ የለውም።

ብሩ ላይ ያለው ጥቁር ቆሻሻ አይደለም። ብር በአየር፣ በላብ፣ በጢስ ውስጥ ካለ ድኝ ጋር ሲገናኝ ከላዩ በጣም ስስ ጥቁር ሽፋን ያወጣል። እሱን ስትፈትጊው ሽፋኑ ብቻ አይደለም የሚሄደው፣ ከብሩም ትንሽ ይነሳል። አመድ ደግሞ ውስጡ ደቃቅ ጠጠር አለው፤ ጥልቅ ያልሆነውን ጭረት ሁሉ ይልጋል። በዚያ ላይ ጥቁሩ ጉድጓድ ጉድጓዱ ውስጥ ሲቀመጥ፣ ከፍ ከፍ ያለው ደግሞ በቆዳና በነጠላ እየታሸ ሲያበራ ነው የአንጥረኛው ሥራ ጎልቶ የሚታየው። እንደዚያ ለመሆን አርባ ሃምሳ ዓመት ፈጅቶበታል። ሰው በአንድ ከሰዓት ያጠፋዋል፣ ማንም ግን በአንድ ከሰዓት መልሶ አይሠራውም። አቧራ ካለበት በደረቅ ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ ዳበስ ዳበስ ማድረግ ይበቃል።

አሁን ወደ ጠገራዎቹ። ላያቸው ላይ ያለው 1780 የሚለው ዓመት ብዙ ሰው ያታልላል። «ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የሆነው ብር አለኝ» ብሎ የሚመጣ ሰው በወር አይጠፋም። ነገሩ እንዲህ ነው። በብሩ ላይ ያለችው ሴት የኦስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ ናት፤ የሞተችው በ1780 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። ንግሥቲቱ ከሞተች በኋላም ብሩ በዚያው ዓመት ቁጥር መታተሙን ቀጠለ፤ ምክንያቱም በእኛም በዓረብ አገርም ያለው ገበያ ሌላ መልክ ያለውን አልቀበልም አለ። ነጋዴው ትከሻዋ ላይ ባለው ጌጥ ዙሪያ ያሉትን ዕንቁዎች በጣቱ ይቆጥር ነበር፤ ዘጠኝ ካልሆኑ አይነካም። ስለዚህ ቪየና ላይ ብቻ አልቀረም። ጣልያን ወረራውን ሲያሰናዳ በ1935 እንደ አውሮፓ የማተሚያውን ቅርጽ ወስዶ ሮም ላይ ማተም ጀመረ፤ ቆይቶ ለንደንም ቦምቤይም ታትሟል። ጣልያን ደሴ የገባው ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ከሰባቱ ብሮችሽ አንዱ በዚያ ጊዜ ከሮም የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ሌላው ደግሞ የቅድመ አያትሽ በቅሎ የተሸጠችበት ሊሆን ይችላል። ሁለቱም 1780 ነው የሚሉት።

እውነተኛ መሆናቸውን ማየት ከፈለግሽ የሚያጸዳ ነገር አያስፈልግሽም፤ ወርቅ ቤት ሄደሽ አስመዝኚ። 28 ግራም አካባቢ መምጣት አለበት። ውስጡ ያለው ንጹሕ ብር ከሺህ 833 እጅ ነው። ማግኔት ሊስበው አይገባም። ከዚያ ጠርዙን እዪ፣ ይህን ነው ሰው የሚረሳው። ዙሪያውን በላቲን ፊደል «ዩስቲቲያ ኤት ክሌሜንቲያ» የሚል ጽሑፍ አለ፣ ፍትሕና ምሕረት ማለት ነው። ለአገር ጎብኚ ተብሎ በቆርቆሮና በእርሳስ የሚቀለጠው ፎርጅድ ፊቱን አሳምሮ ጠርዙ ላይ ነው የሚያቅተው። አይተሽ እዘኚ ወይም ተደሰቺ፤ ግን መሬት ላይ ጥለሽ ድምፁን አትሞክሪ። ያ የድሮ ገበያ ዘዴ ነው፣ ጠርዙን ይጎዳል።

ከሰባቱ ውስጥ አንበሳ ያለበት ካለ ደግሞ እሱ ጠገራ አይደለም፣ የምኒልክ ብር ነው። በግዕዝ ቁጥር ፲፰፻፹፯ የሚል ካየሽ 1887 ዓ.ም. ማለት ነው፤ ፓሪስ ላይ የታተመ፣ ክብደቱም ከጠገራው ጋር እኩል እንዲሆን ተደርጎ። ያም ሆኖ ገበሬው ለብዙ ጊዜ ሴትዮዋን እንጂ ንጉሡን አላምንም ብሏል። ሁለቱን ቀላቅሎ ያስቀመጠ ሳንዱቅ ሳይ ደስ ይለኛል፣ ባለቤቱ ሁለት ዘመን አይቷል ማለት ነው።

ማንጠልጠያ የተበየደባቸውን ሦስቱን ለብቻቸው አውጫቸው። ብር የሚሰበስብ ሰው «ተበላሽቷል፣ ጆሮ ወጥቶለታል» ብሎ ዋጋ ይቀንስብሻል። እውነቱን ነው፣ በእሱ መለኪያ ተበላሽቷል። እኔ ግን ከቀሩት አራቱ ይልቅ እነዚህን አስቀድማለሁ። መስኮት አጠገብ ይዘሽ ሁለቱን ፊት አወዳድሪ። በአንዱ በኩል ወይ የሴትዮዋ ጉንጭ፣ ወይ የባለ ሁለት ራሱ ንስር ክንፍ ከሌላው ይልቅ ለስልሶ ታገኚዋለሽ። የለሰለሰው ወገን ደረት ላይ ያረፈው ነው። አያትሽ ወይም እናታቸው ወደ ሰው ያሳዩ የነበረውን ፊት በዚህ ታውቂያለሽ። ብየዳውንም እዪ። ነጣ ያለና ንጹሕ ከሆነ በብር የበየደ አንጥረኛ ነው፤ ግራጫና ቡጉር ቡጉር ያለ ከሆነ በቆርቆሮ ተለጥፎ የተጠገነ ነው፣ ማለትም አንድ ጊዜ ወድቆ እንደገና ታስሯል። ጆሮ ያላቸው ሦስቱ ብሮች ደግሞ ሦስት ጌጥ አይደሉም። የአንድ ድሪ ቅሪት ይመስለኛል፤ መሐል መሐሉ ላይ የነበረው ዶቃ ነው የጎደለው። ምን ዓይነት ዶቃ ነበር? ይህን የሚያውቅ ሰው ዛሬ ስንት ቀርቷል?

አልቦውም እንዲሁ ይጠይቅሻል። አልቦ ጥንድ ነው። ሌላኛው የት ሄደ? ድሮ አልቦ የሚያሠራ ሰው ብሩን ራሱ ነበር የሚያመጣው፤ ጠገራውን ቆጥሮ ለአንጥረኛው ይሰጣል፣ አንጥረኛው አቅልጦ ይሠራለታል፣ የእጁን ይቀበላል። የአንድ ጠገራ ክብደት ራሱ ወቄት፣ የወርቅና የብር መመዘኛ፣ ነበር። ስለዚህ አልቦሽን አስመዝነሽ ግራሙን ለ28 ብታካፍዪው፣ ስንት ጠገራ ቀልጦ እግር ላይ እንደዋለ በግምት ታገኛለሽ። አባቴ ወደ ሱቁ አልቦ ይዞ የሚመጣን ሰው የሚጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «ጓዱስ?» የሚል ነበር። መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ በክፉ ቀን ተሽጦ። በ66ቱና በ77ቱ ድርቅ ስንት የወሎ ብር በእህል እንደተለወጠ የሚቆጥረው የለም። አንዱን ሸጦ አንዱን ያስቀረ ቤት ግን ነገ ይሻላል ብሎ ያሰበ ቤት ነው። ያንቺ አያት አንዱን አስቀርተዋል። የነጠላው አልቦ ዋጋ በእኔ ዓይን ይኸ ነው፣ ጥንዱ ቢሆን ኖሮ በገበያ የበለጠ ያወጣል፤ እንዲህ ያለ ነገር ግን አይነግርሽም።

መስቀልና ሒርዝ በአንድ ሳንዱቅ መገኘቱ ግራ አያጋባሽ፤ ከወሎ ውጭ ላለ ሰው ነው ግራ የሚሆነው። እኛ ቤት አንዱ አያት ሼህ፣ አንዱ አያት መሪጌታ መሆኑ ብርቅ ነው እንዴ? ዳር ዳሩን ስጠይቅ አብዛኛው ቤት እንዲህ ነው። ከጋብቻ ጋር ገብቶ ይሆናል፣ ልጅ አልጸና ሲል ከጎረቤት የተቀበሉት ይሆናል። ሒርዙን ግን አደራ፣ አትክፈቺው። የብር ቱቦ ከሆነና ጫፉ ከተደፈነ ውስጡ ያለው ወረቀት በጣም ተጠቅልሎና ተጣጥፎ ለዓመታት የደረቀ ነው፤ ስትዘረጊው በእጅሽ ላይ ይፈረካከሳል። አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ የተከፈተ ሒርዝ በፌስታል አምጥተውልኝ አይቻለሁ፣ ጥፍር የሚያክሉ ቁርጥራጮች ነበሩ። ከላይ ያለውን የአንጥረኛ ጥልፍ፣ ማንጠልጠያውን፣ ክሩ ካለ ክሩን ጭምር እንዳለ ተዪው። ላብ የጠጣው አሮጌ ክር አይቆረጥም፣ አይታጠብም።

አሁን ደግሞ ያቺ ማንኪያ። እጀታዋ ላይ መስቀል ወይም ጥልፍ ያላት፣ ጫፏ እንደ ጥፍር ጎድጎድ ያለች፣ ቀዳዳ ያላት ከሆነች የጆሮ ኩክ ማውጫ ናት። አትሳቂ፣ የከበረች ናት። ሴቶች በማተብ ላይ ከመስቀሉ ጋር አንገታቸው ላይ ያስሯት ነበር። ውጭ አገር ሄዳ የምትሸጠው እንደ መስቀል ተደርጋ ነው፤ ለምን እንደምታገለግል የሚያውቅ አጠገቧ ስለሌለ። ሳንዱቁ ውስጥ መስቀሉ አጠገብ ካገኘሻት አብረው አንድ ማተብ ላይ የነበሩ ሊሆኑ ይችላሉ። የሁለቱን ቀዳዳ አወዳድሪ፣ ክር የበላው ጠርዝ በአንድ በኩል ይሳሳል።

ብራናው ላይ ቆየት ልበል፤ ምክንያቱም ከሁሉም በላይ በቀላሉ የሚሞተው እሱ ነው። ዳዊት መሆኑን እንዴት ታውቂያለሽ? ግጥም እንደሚጻፍ እያንዳንዱ ስንኝ የራሱን መስመር ይዞ፣ በአንድ አምድ ወደ ታች የሚወርድ ከሆነ ዳዊት ነው። 150ው መዝሙር በየአሥሩ በጌጥ ይከፈላል፤ ከኋላው የነቢያት ጸሎት፣ መኃልየ መኃልይ፣ ውዳሴ ማርያም ይከተላሉ። ቆዳው የፍየል ነው፤ አንዱ ገጽ ቢጫ ብሎ የጸጉር ነጠብጣብ ይታይበታል፣ ሌላው ነጣ ይላል። ዳር ዳሩ ላይ በወስፌ የተበሱ ደቃቅ ቀዳዳዎች አሉ፣ መስመር ለማስመር ነው። አይጥ የበላው እነሱን ካልነካ በጽሑፉ ላይ አልደረሰም ማለት ነው፤ አብሽሪ።

የምልሽን በቀን ብርሃን አድርጊ። በደንብ በታጠበና በደረቀ እጅ፣ መጽሐፉን ትራስ ላይ አስደግፈሽ፣ ሙሉ በሙሉ ሳትዘረጊው፣ ቀይ ቀለም ያለበትን ፈልጊ። የቅዱሳን ስም በቀይ ይጻፋል፤ የባለቤቱም ስም ብዙ ጊዜ በቀይ ነው፣ «ለገብርከ» (ለባሪያህ) ወይም «ለአመትከ» (ለሴት ባሪያህ) ከሚለው ቀጥሎ ይመጣል። አሁን ስሙ ያለበትን ቦታ በጎን በኩል በሚገባ ብርሃን እዪው። ቆዳው እዚያ ላይ ብቻ ሻካራና ሳሳ ያለ ከሆነ፣ ቀለሙም ከአጠገቡ የተለየ ከሆነ፣ የመጀመሪያው ባለቤት ስም በቢላ ተፍቆ የሌላ ሰው ተጽፎበታል። አንዳንዴ ሁለት ጊዜ ተፍቆ ቆዳው ብርሃን እስኪያሳልፍ የሳሳ አጋጥሞኛል። ሦስት ትውልድ በአንድ መስመር ላይ። በባዶዎቹ ገጾች ላይ ደግሞ የመሬት ጉዳይ፣ የልደት ቀን፣ የብድር ስምምነት የተጻፈ ሊኖር ይችላል፤ ጽሑፉ መጥፎ ስለሆነ ሰው አያነበውም። እሱን ነው ማንበብ ያለብሽ። የንጉሥ ወይም የጳጳስ ስም ከተነሳበት ዘመኑን እዚያው አገኘሽ።

የማይደረገውን ልንገርሽ። በፕላስተር አይለጠፍም፣ አይታጠፍም፣ ላሚኔት አይደረግም። በፀሐይ አይሰጣም፤ ብራና ሙቀት ሲነካው እንደ ቆዳ ይኮማተራል፣ ቆዳ ነው እኮ። ደሴ ላይ ደግሞ የክረምቱን ጉም ታውቂዋለሽ፣ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ቤት ውስጥ ይገባል። ሻጋታ የሚጀምረው በዚያ ነው። ከግድግዳ አርቀሽ፣ ከመሬት ከፍ አድርገሽ፣ ከምድጃና ከከሰል አርቀሽ፣ በታጠበ አቡጀዲ ጠቅልለሽ አስቀምጪ። ፌስታል አይሆንም፣ ያልበዋል። ማኅደሩ (የመጽሐፉ መያዣ) ካለ ማኅደሩም አይጣል፣ ቢቀደድም።

ሲንጀሩ ቀላል ነው። ከወገቧ በታች በስተቀኝ ቁጥር ተቀርጿል፤ በፊደል የሚጀምር ከሆነ ከ1900 እንደ አውሮፓ ወዲህ የተሠራች ናት፣ ቁጥሩን ይዘሽ ዓመቷን ማግኘት ይቻላል። ዘይት ጠብ አድርጊላት፣ ቀለም አትቀቢያት። ልብስ ስፊባት።

ለብሮቹም አቡጀዲ። በላስቲክ ማሰሪያ አትሰሪያቸው፣ በሱፍ አትጠቅልዪያቸው፤ ሁለቱም ውስጣቸው ድኝ ስላለ ብሩን ያጠቁሩታል።

«ስንት ያወጣሉ» ላልሽው ቁጥር አልነግርሽም፤ በጽሑፍ ገለጻ ላይ ተመሥርቶ ዋጋ የሚቆርጥ ሰው ካጋጠመሽ ራሱ ሊገዛ የፈለገ ነው። ደላላ ቤትሽ ሲመጣ የሚያየው ግራም ነው። አልቦውን አነሳ፣ መዘነ፣ የብር ዋጋ ነገረሽ። ስሙም፣ ጓዱም፣ የ77ቱም ነገር ሚዛን ላይ አይወጣም። ወንድምሽን አልወቅሰውም፤ ቸግሮት ይሆናል፣ ድርሻውም ነው። ከሸጣችሁ እንኳ ማንጠልጠያ የሌላቸውን ተራ ጠገራዎች ሽጡ፣ የሳንዱቁ ነገር በእነሱ አይፈርስም። ብራናውን፣ ሒርዙን፣ ሦስቱን ብር፣ አልቦውን አትለያዩአቸው። ከአንቺ ጋር አንድ ላይ ይቀመጡ፣ እሱም ሲፈልግ መጥቶ ይያቸው፤ ይህን በወረቀት ጻፉት፣ ወንድምና እህት በአፍ የተባባሉት ከጊዜ በኋላ ይጋጫል።

ሕጉንም እወቂ። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ሰው ቅርስ በግሉ እንዲይዝ ይፈቅዳል፣ ስለዚህ «ካስመዘገብሽ ይወስዱብሻል» የሚልሽን አትስሚ። ግን በራስሽ ወጪ መጠበቅ ግዴታሽ ነው፣ ለንግድ ብሎ ቅርስ መግዛትና መሸጥ ክልክል ነው፣ ከአገር ማስወጣት ያለ ፈቃድ አይቻልም። ብራናውን በዚህ ዓይን ነው የምታዪው። ባህልና ቱሪዝም ቢሮ ሄደሽ አስመዝግቢ። መዝገብ ማለት ፎቶና መግለጫ ነው፣ ዕቃው ካንቺው ጋር ይመለሳል። በ2014ቱ ጦርነት የደሴ ሙዚየም ራሱ ተዘርፏል፣ የግለሰብ ቤትማ አይነሳ። ያኔ ፎቶ የነበረው ሰው «ይህ የእኔ ነው» ማለት ይችላል። ያልነበረው ምን ብሎ ይጠይቃል?

ይህ አዲስ ነገር አይደለም እኮ። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ የተወሰደው ዕቃ በጨረታ የተሸጠው እዚሁ ደላንታ ሜዳ ላይ ነው፤ አሥራ አምስት ዝሆንና ሁለት መቶ ያህል በቅሎ ነው የተሸከመው ይባላል። ከዚያ ውስጥ ዛሬ «ይህ የመቅደላ መድኃኔ ዓለም ነው» ተብሎ በስሙ የሚጠራው የትኛው ነው? ብራናው ነው፣ ምክንያቱም ባለቤቱ ዳር ላይ ተጽፎበታል። ስም ያልተጻፈበት አንባርና ጽዋ ግን በየሰው ቤት ምንም ሳይናገር ተቀምጧል። እንግዲህ ለሒርዝሽና ለአልቦሽ ያን ዳር ላይ የተጻፈ ስም አንቺ ነሽ የምትሆኚላቸው።

ደብተር ግዢ፣ ስልክ ላይ ብቻ አይበቃም። ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ገጽ። ፊት፣ ጀርባ፣ ጠርዝ፣ ጉዳት ያለበትን ቦታ ነጭ ጨርቅ ላይ አድርገሽ በመስኮት ብርሃን አንሺ፣ ጎኑ ላይ ማስመሪያ አስቀምጪ። ከሥሩ የሰማሽውን ጻፊ፤ ማን እንደነገረሽና ቀኑን ጨምረሽ። ሁለት ሰው ሁለት ዓይነት ከነገረሽ ሁለቱንም ጻፊ፣ አንዱን አትምረጪ።

ሌላም ልግዛ ማለትሽ አይቀርም፤ ይህ ነገር ሲይዝ እንዲህ ነው፣ እኔም አውቀዋለሁ። ሰኞ ገበያ ስትሄጂ ዓይንሽ ሌላ ነገር አያይም። ጣሳ፣ ፋኖስ፣ የድሮ ስኒ፣ ሙዳይ፣ እነዚህን ግዢ፣ ተማሪባቸው፣ ተሳሳቺባቸው። ብራና፣ የቤተ ክርስቲያን መስቀል፣ የመስጊድ ኪታብ ግን ማንም ቢያመጣልሽ፣ በርካሽም ቢሆን፣ «ካልሸጥሁት ልጄ ይራባል» ቢልሽም አትግዢ። ከጦርነቱ ወዲህ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ብዙ ነገር ይዞራል፤ የሌላ ሰው ሳንዱቅ ነው።

አሁን ከሁሉ የሚቀድመው አክስትሽ ናት። ደብተሩም፣ ምዝገባውም፣ ሚዛኑም ለሳምንት ይቆይ። ቅዳሜ ኮምቦልቻ ውረጂ። ሁሉንም አትሸከሚ፣ ሒርዙን፣ ሦስቱን ብርና አልቦውን ብቻ በአቡጀዲ ጠቅልለሽ ያዢ። ቡና እስኪፈላ ጠብቂ፤ አቦሉ ላይ አትጀምሪ፣ ሰው ገና ከጤና ከኑሮ ወሬ አልወጣም። ቶናው ሲደርስ ስልክሽን መቅጃው ላይ አድርገሽ ረከቦቱ አጠገብ አስቀምጪ፣ እየቀዳሽ መሆኑንም ንገሪያት። ከዚያ «ይህ የማን ነበር? ከየት መጣ?» እያልሽ አትጠይቂ፤ አሮጌ ሰው በጥያቄ ሲያዝ «እኔ ምን አውቄ» ይላል። ብሮቹን አንድ ባንድ መዳፏ ላይ አኑሪላትና ዝም በይ። ጣቷ ራሱ የለሰለሰውን ወገን ይፈልገዋል።